ከማሳ ወደ ማዕድ፦ የተሞላ የጾም ድንች በቤታችን
(በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በሥርዓተ ምግብ የተግባር ሥልጠና ላይ ለሞዴል አርሶ አደሮች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ማዳበሪያ መጠን ወይም ስለ መስመር አዘራር አላወራችሁም። ከኋላዬ የምታዩት ድስት ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ተጥዷል። ውስጡ ያለው ድንች ነው፤ ከነልጣጩ። እኔ ስናገር እሱ ይበስላል፤ ስጨርስ አብረን ሞልተን ምጣድ ላይ እናስቀምጠዋለን። ስለዚህ ንግግሩ ቢረዝምባችሁ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የድንቹም ነው።

ከናንተ መካከል ድንች የማያመርት እጁን ያውጣ ብል ጥቂት እጅ ነው የማየው። ድንችን ከማሳ አውጥታችሁ በኩንታል ትሸጣላችሁ፤ ዝርያ ታወዳድራላችሁ፤ ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በለጠ እያላችሁ የትኛው የት መሬት ላይ እንደሚሰጥ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ጥያቄ ነው። ድንቹ ተቆፍሮ፣ ተለቅሞ፣ ትልቁ ለነጋዴ፣ መካከለኛው ለዘር ከተለየ በኋላ ለቤት የሚቀረው የትኛው ነው? መልሱን የምታውቁት እናቶች ናችሁ። በቁፋሮ የተቆረጠው፣ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው፣ የበቀለው፣ ከእንቁላል ያነሰው ነው ወደ ጓዳ የሚገባው። እሱም በጨውና በበርበሬ ተቀቅሎ ይቀርባል፤ ልጁም ጠግቦ ይተኛል። ሆዱ ሞልቷል፤ ሰውነቱ ግን አልተመገበም።

ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ውስጥ 46 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ሆኖ አልተገኘም፤ ቀንጭረዋል። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ድንቹ የሚመረትበት ክልል ነው ይህ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ሲታወጅ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ማጥፋት ተብሎ የታሰበውም ምርት እያለ ልጅ የሚቀነጭርበትን ጉዳይ ለመፍታት ነው። ምርቱ ያለው እናንተ ጋር ነው፤ ጓዳውም እናንተ ጋር ነው።

ለምን ድንች? ለምንስ የጾም?

የመስኖ ድንች በብዙ አካባቢ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይወጣል። ይህ ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ደላላው ያንጓጥጣል፣ ድንቹም ቤት ውስጥ ይከማቻል። በሌላ በኩል ጾመኛው ቤተሰብ 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ድንች ወጥ እያፈራረቀ ይሰለቻል። ስለዚህ በዚያው በእጃችን ባለው ድንችና ጥራጥሬ የሚሠራ፣ ከወተትና ከሥጋ ተዋጽኦ ነፃ የሆነ፣ ግን ሰውነት የሚገነባ ምግብ መልመድ ያስፈልጋል። የማትጾሙ ወገኖችም ሳምንቱን በሙሉ ልትበሉት ትችላላችሁ፤ ምስር ሃይማኖት አይለይም።

ድንች ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንዳስገባው ይነገራል፤ በስፋት የተለመደው ግን ከዚያ ወዲህ በክፉው ቀን፣ ሰው እህል ባጣበት ጊዜ ነው። የችግር ቀን ምግብ ሆኖ ስለገባ ይመስለኛል እስከ ዛሬ እንደ ድሃ ምግብ የምናየው። እንግዳ ሲመጣ ድንች ማቅረብ የሚያፍር ብዙ ነው። በደንብ የተሞላ ድንች ግን ለእንግዳ አያሳፍርም፤ ስትቀምሱት ትፈርዳላችሁ።

ድንች ብቻውን ምን ይሰጣል? ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ጉልበት ሰጪ ነው። ጥሩ የቫይታሚን ሲና የፖታሲየም ምንጭ ነው፤ በተለይ ከነልጣጩ ሲቀቀል ብዙው አይባክንም። ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ግን በ100 ግራም የተቀቀለ ድንች ውስጥ 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል አለው። ሁለቱን ስታጋቡ ጎደሎው ይሞላል። ድንቹን ቦርቡሩና በምስር ሙሉ የምላችሁ ለጌጥ አይደለም።

መጀመሪያ፦ የማይበላውን ድንች እንለይ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአንድ ወቅት በመስክ ሥራ ላይ ሳለሁ ከአንድ ቤት ገባሁ። ሁለት ልጆች ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው፣ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው አድሯል። እናትየው ምግቡ ተበላሽቶ መስሏት ድስቱን አሳየችኝ። ድንቹን ሳየው ልጣጩ እንደ ሣር አረንጓዴ ነበር። ከየት አመጣሽው ስላት ከዘር መጋዘን የተረፈ ነው፤ ለምን ይጣል ብዬ ነው አለችኝ። ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ምንም እንዳይባክን ያሰበች። ልጆቹ በጤና ጣቢያ ተረድተው ዳኑ።

እኛ ባለሙያዎች የዘር ድንችን ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ ብለን አስተምረናል። ትክክል ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ድንቹም አረንጓዴ ይሆናል፣ ለዘር ይህ ጥሩ ነው። ለሆድ ግን መርዝ ነው። ብርሃን ድንቹን አረንጓዴ ሲያደርገው ሶላኒን የሚባለው መራራ መርዝ አብሮ ይጨምራል። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ በመጥበስም አይጠፋም። የበላው ሰው አፉን ያቃጥለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ራሱን ያመዋል። ዘር አስቀምጡ ብለን ስናስተምር የዘሩን ትርፍ አትብሉ ማለትን የዘነጋን ጊዜ ካለ ጥፋቱ የኛ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ። የዘር ድንች ብርሃን ባለበት፤ የሚበላ ድንች ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ነፋስ በሚዘዋወርበት። በማዳበሪያ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፍኖ በር ላይ ማቆም አይሆንም። ከማስቀመጣችሁ በፊት አትጠቡት፤ የረጠበ ድንች ይበሰብሳል። የቆሰለውንና የበሰበሰውን በየጊዜው ልቀሙ። ለቤት የምታስቀሩትን ከመቆፈራችሁ ከ10 እስከ 15 ቀን በፊት ግንዱን ብታጭዱት ልጣጩ ይጠነክራል፤ ቶሎ አይቆስልም።

አንድ ድንች ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ካለው ያንን ክፍል ከነወፍራም ልጣጩ ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ ዓይኖቹንና ቡቃያውንም እንዲሁ ማውጣት። አብዛኛው አካሉ አረንጓዴ የሆነ፣ ወይም ሲቀመስ የሚመር ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይጣል። ለልጅ ደግሞ ጨርሶ ጥርጣሬ ያለበትን አትስጡ። ዛሬ የምናዘጋጀው ከነልጣጩ የሚበላ ስለሆነ ይህ ምርጫ ከምንም በላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ6 ሰው ቤተሰብ እንያዝ። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆነ፣ ሞላላ፣ ንጹሕ 12 ድንች። አንድ የውሃ ብርጭቆ ድፍን ምስር። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል። ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ትልቅ ካሮት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ ቆስጣ ወይም የሐበሻ ጎመን። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አዮዲን ያለው ጨው፣ ግማሽ ሎሚ። በርበሬ ከወደዳችሁ ለመዓዛ ያህል። የጓሮ አትክልቱን ከራሳችሁ ጓሮ ቆርጣችሁ ከሆነ፣ ኬሚካል ረጭታችሁ እንደሆነ በመለያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ እንዳትቆርጡ። ለነጋዴ የማትሸጡትን ለልጃችሁም አታብሉ፤ ለነጋዴም አትሽጡት።

አሠራሩ

ድንቹን በውሃና በብሩሽ ወይም በቃጫ ፈትጋችሁ እጠቡ። በቀዝቃዛ ውሃ ጥዱት። ፈልቶ ባለ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት ውጪው ሲፈርስ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፤ በኃይል የሚፈላ ውሃ ድንቹን ያፈነዳዋል። መካከለኛ ድንች በቆላ 25 ደቂቃ ይበቃው ይሆናል፤ እኛ ባለንበት ደጋ ግን 35 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል። ከከተማ የመጣ የምግብ መመሪያ ስታነቡ ሰዓቱን አትመኑ፤ ቢላዋውን እመኑ። ቢላዋ ሲወጋ እንደ ቅቤ ሳይሆን በትንሹ እየታገለ ሲገባ ነው የሚወጣው፤ ገና ምጣድ ላይ ስለሚመለስ እዚያ ይጨርሳል። ውሃውን ወዲያው አፍስሳችሁ እንፋሎቱ እስኪወጣ ክፍት አድርጉት።

ድንቹ ሲበስል ምስሩን ጎን ለጎን ቀቅሉ። ቀድማችሁ ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከቻላችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁት ከሆነ ማገዶ ትቆጥባላችሁ። ምስሩ መብሰል አለበት እንጂ እንደ ወጥ መፍረስ የለበትም። አጥልሉት። ውሃውን አትድፉት፤ ለሾርባ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ። መጀመሪያ ይህን ለሴቶች ቡድን ሳሳይ ምስሩን ከነውሃው፣ ቲማቲሙንም ከነጭማቂው ጨመርኩት። ድንቹ ላይ ሳሰፍረው መሙያው ፈስሶ ምጣዱ ላይ ተንጨረጨረ፤ ድንቹም ራሰና ተሰነጣጠቀ። አንዲት እናት ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው “ልጄ፣ ይሄማ ወጥ ነው፤ እንጀራ ይምጣልን?” አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። መሙያው የሳምቡሳ ምስር ይመስላል፤ በማንኪያ ሲነሣ ቅርጹን ይይዛል፣ አይፈስም። በእርግጥ ሳምቡሳ የሚሠራ ሰው ይህን ምግብ ግማሹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ሊጡ በድንች መተካቱና ዘይት ውስጥ አለመጠበሱ ነው።

ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፋችሁ በሁለት ማንኪያ ዘይት ቁሉት፤ ከያዘባችሁ ዘይት ከመጨመር ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ካሮቱን ፍቁና አስከትሉት። ቲማቲሙን ጨምራችሁ ውሃው እስኪመጠጥ አማስሉ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ምስሩን ጨምሩ። ቆስጣውንና ቃሪያውን በመጨረሻ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ፤ አረንጓዴነቱ ሲጠፋ ጥቅሙም አብሮ ይቀንሳል። አውርዱና ጨውና ሎሚ ጨምሩ። አዮዲን ያለው ጨው እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ አዮዲኑ ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ መጨመር፣ በክዳን ዕቃ ከጢስና ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ ነው። እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው።

ድንቹን ወደ ቁመቱ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡን በሻይ ማንኪያ ቦርቡሩ፤ ከልጣጩ በኩል የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይቅር። ሰስቶ ከተቦረቦረ ይፈርሳል፤ ከወፈረ ለምስሩ ቦታ የለም። ከወጣው ድንች ግማሹን ከመሙያው ጋር አፍርሳችሁ ቀላቅሉ፤ መሙያውን ያያይዘዋል። የቀረውን ለሕፃን ገንፎ ወይም ለምሳ ሾርባ አስቀምጡ። ዱቄታም ዝርያ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ድንቾች ይፈርሱባችኋል፤ አትበሳጩ፣ የፈረሰውን መሙያው ውስጥ አስገቡት፣ ማንም አያውቅም።

ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ መጋገሪያ የላችሁም ብዬ ነው የምናገረው። ድፎ ዳቦ የምትጋግሩበት ዘዴ ይበቃል። ምጣዱን በመጠነኛ ፍም አሙቁ፤ የኮባ ቅጠል አንጥፉበት። የተሞሉትን ድንቾች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ የቀረችውን አንድ ማንኪያ ዘይት በላያቸው ቀቡ። በአክንባሎ ክደኑ። 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ላዩ ደረቅ ሲል፣ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ደርሷል። የኮባው መዓዛ ራሱ አንድ ቅመም ነው። ኮባ ከሌለ ምጣዱን በዘይት በራሰ ጨርቅ ማበስ ነው።

ምስር በማይገኝበት አካባቢስ? ተጋቢኖ ሽሮ ጠንከር አድርጋችሁ ሥሩና ከተቀቀለ ጎመን ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት። ባቄላ ክክም ይሆናል። ኑግ ወይም ሱፍ የምታመርቱ ደግሞ ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ አንድ ማንኪያ ብትነሰንሱበት ጣዕሙም ቅባቱም ይጨምራል። ካሮትና ቆስጣ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት ለመውሰድ ትንሽ ቅባት ይፈልጋል፤ ዘይት አታብዙ ብንልም ጨርሳችሁ አትተዉት።

ማን፣ ምን ያህል፣ መቼ

በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ሲጨመር ግን ይረዳዋል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ያግዱታል። ቡና ተዉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮች።

ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን መሙያው ቃሪያና በርበሬ ሳይገባበት፣ በደንብ ታሽቶ ከጡት ወተት ጋር ይሰጣል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም፤ ስለዚህ በጾም ወቅት ለልጁ የታለበውን ወተት አታስቀሩበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ትመካከር። አንድ እውነት ልንገራችሁ፤ የዚህ ምግብ ጉድለት ነውና። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በዕፀዋት ውስጥ የለም። ጾሙ ሲፈታ እንቁላሉንና ወተቱን በሙሉ ገበያ አትውሰዱት። ከአሥር እንቁላል ሦስቱ ቤት ይቅር፤ አባቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው።

የስኳር ሕመም ያለበት ቤተሰብ ካለ ድንቹን ቀንሶ ምስሩንና ቆስጣውን ማብዛት ነው፤ ድንች ብቻውን የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ግፊት ላለበት ጨው ይቀነስ።

የተረፈውን በማግስቱ መብላት ይቻላል፤ ሳይቆይ ቀዝቅዞ፣ ተከድኖ ካደረ። በእንፋሎት ወይም በምጣድ እስኪግል ድረስ አሙቁት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ግን አታሳድሩት።

ከገበያ አንፃር አንድ ነገር ብቻ ልበል። በመናኸሪያና በገበያ ዳር የተቀቀለ ድንች በዳጣ ሲሸጥ አይታችኋል። በዐቢይ ጾም ተጓዡ የሚበላው ያጣል። ሁለት ሦስት እናቶች ተደራጅተው በገበያ ቀን የተሞላ ድንች በንጹሕ ዕቃ ቢያቀርቡ ኩንታሉ ከሚሰጣቸው በላይ ሊያገኙ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ ማገዶውን፣ ዘይቱንና የራሳችሁን ጊዜ ጨምራችሁ። ብዙ ጊዜ የምንረሳው የመጨረሻውን ነው።

እያንዳንዱ የቡድን መሪ በዚህ ሳምንት በቤቱ አንድ ጊዜ ይሥራው፤ በሚቀጥለው ደግሞ የቡድኑን አባላት ጠርቶ ያሳይ። ባልና ሚስት አብራችሁ ብትሠሩት ይመረጣል፤ ድንች መቦርቦር እርፍ ከመያዝ አይከብድም። በሚቀጥለው ስብሰባችን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፦ የእናንተ ዝርያ ስንት ደቂቃ ፈለገ? ከዘንድሮው ምርትስ ለቤት ያስቀራችሁት የትኛውን ድንች ነው?

አሁን የድስቱን ክዳን አንሡልኝ። አባባ፣ እርስዎ በቢላዋው ይውጉት፤ ትንሽ ከታገለ ውሃውን እናፍስሰው። ማንኪያ ያመጣችሁ ወደዚህ ቅረቡ፤ እጃችሁን እዚያ ጋ ታጥባችሁ።